ምስጥ ያልካቸው ሰዎች

ይድረስ ባሕርና በረዶ ለከለለህ ለታላቅ ወንድሜ ለኒቆዲሞስ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ቤት ድረስ ይግባ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ኖርዌይ ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ ሲቀዘቅዝ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ምግብ ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ ያው እንደ ልማድህ ቆመህ ዳቦ ትገምጣለህ? የምትረዳቸው ሽማግሌዎችስ ደህና ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ ብቻ አይደለም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ስትጫወት ወድቀህ ጉልበትህ የተሰበረ ቀን ካንተ በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ጤናህን ልጥላ ብል እንኳ ሆዴ እሺ አይለኝም። የቀረውን ግን ሆዴን አስሬ ነው የምጽፍልህ።

እኛ በሕይወት አለን፤ ለዚህም ተመስገን። እማዬ ደም ግፊቷ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል፤ ጨው ብንከለክላት ከጓዳ ትሰርቃለች። ወበቁ ዘንድሮ ጥቅምት አልፎም አልለቀቀንም። ውኃ እንደ ድሮው በወረፋ ነው። አባባ የተከላት የሎሚ ዛፍ ግን አፍርታለች፤ የሚለቅማት ጠፍቶ መሬት ላይ ትረግፋለች። ለምን የሚለቅማት እንደጠፋ ስታነብ ይገባሃል።

በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ምን ላድርግ? በገጽህ ብሎክ አድርገኸኛል፤ ስደውል አታነሳም፤ በእማዬ ቁጥር ስደውልልህ ድምፄን ስትሰማ ትዘጋለህ። ስለዚህ የአጎታችን ልጅ ኃይለየሱስ ለሥልጠና ወደዚያው ሲመጣ በእጁ ሰደድኩልህ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ ነግሬዋለሁ። ሻይ አፍላለት።

ኒቆ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ አንተ ጋ ሲደርስ ሌላ መልክ እየያዘ ነውና። የሰፈራችንን ግሩፕ የከፈትከው አንተ ነህ። ያኔ እዚሁ ነበርክ፤ ታይዋን ገበያ ከዲሪር ጋር ስልክ ትጠግኑ ነበር። የማን ፍየል እንደጠፋች፣ የማን ቤት ለቅሶ እንደሆነ፣ ውኃ በየትኛው መንደር እንደመጣ እንድንነጋገርበት ብለህ ከፈትከውና እኔንና ካፊያን አድሚን አደረግከን። ካፊያን ረስተሃት ከሆነ ላስታውስህ፦ የዲሪር እህት፣ የሰምሰም ልጅ፣ ግድግዳ የምንጋራት፣ የእኛ በር ሲዘጋ የእነሱ ጣሪያ የሚንቀጠቀጥባት ካፊያ። እናታችንን እስካሁን እንደ ገዛ እናቷ «ሆዮ ዘነበች» የምትላት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ግሩፑ አድጎ የድሬ ልጅ የሆነ ሁሉ ከያለበት ገባበት። ሥራውን እኔና ካፊያ ተካፈልነው። የአማርኛውን እኔ አነባለሁ፣ የሶማሊኛውን እሷ፣ ኦሮምኛውን ሁለታችንም። አንዱ ሌላውን ሲሳደብ አንድ ላይ ቁጭ ብለን እንመክራለን፤ እናንሳው ወይስ እንተወው? «አቦ ተይው፣ ይሄ ልጅ ቀልዱ ነው» ትለኛለች አንዳንዴ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔ ምንም ያልታየኝን ነገር «ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አጥፊው» ትለኛለች። ድሬ እንደምታውቀው አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጀምሩታል፣ በሶማሊኛ ያጣፍጡታል፣ በኦሮምኛ ይዘጉታል። ስድቡም እንደዚያው ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ግማሹን አልሰማውም ነበር።

አንተ መጀመሪያ እዚያ እንደደረስክ ምን ትጽፍ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ስለ ሙሸባክ ጣፋጭ ጻፍክ። ስለ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ጻፍክ። አባባ ከምድር ባቡር ሥራ ሲመለስ ስለሚያመጣልን ሐባብ ጻፍክ። ያን ሁሉ ያነበብነው እኔ፣ ካፊያ፣ ዲሪርና ጥቂት የሰፈር ሰዎች ነበርን። ከዚያ አንድ ቀን ተቆጥተህ በቀጥታ ስርጭት ጮህክ፤ ሺህ ሰው አየህ። በማግስቱ ይበልጥ ጮህክ፤ ይበልጥ ሰው አየህ። ናፍቆትህን የሚያይልህ አጣህ፣ ቁጣህን ግን ዓለም ሁሉ አየልህ። ያ ገጽ ከሙሸባክህ ይልቅ ቁጣህን ለሰው ማደል እንደሚወድ የገባህ ያኔ ነው መሰለኝ። ካፊያ ያኔውኑ «ወንድምሽን ከእጃችን እየወሰዱት ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ሳቅኩባት።

አሁን ወደ ሐምሌው ነገር ልምጣ። ታይዋን፣ ዲሪር ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ጎረምሶች በባጃጅ ተራ ተጣሉ። አንዱ የእኛ ሰፈር ልጅ፣ አንዱ የመጋላ ሰፈር። ተደባደቡ፤ የእኛው ልጅ ግንባሩ ተፈነከተ። ከምሠራበት ፋርማሲ ፋሻውን የሸጥኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ያ የመታው ልጅ ደግፎት ወደ ፋርማሲው ይዞት መጣ፤ አንተ ነህ የጀመርከው፣ አንተ ነህ የጀመርከው እየተባባሉ በኔ ፊት ይከራከሩ ነበር። ታርቀው ወጡ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያነሰም የበለጠም የለውም።

ያንን ጠብ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾት ላንተ ደረሰህ። አንተ ደግሞ ሌላ ቪዲዮ ቀጠልክበት፤ ሰው በገጀራ የሚባረርበት፣ የመንገዱ ሰሌዳ በማናውቀው ፊደል የተጻፈ፣ ሀገራችን እንኳ ያልሆነ። ከላዩ በራስህ ድምፅ «ድሬን ምስጥ በልቷታል። ምስጥ በምክር አይወጣም፤ ምስጥ የሚወጣው በጭስ ነው» አልክ። በመጨረሻም የዲሪርን ሱቅ ፎቶ ለጠፍክ። ሰማያዊ በር፣ ከጫማ ተራው ሦስተኛ፣ ብለህ ጭምር።

ያንን ፎቶ የላክሁልህ እኔ ነኝ፣ ኒቆ። ዲሪር ሱቁን ያሰፋ ቀን፣ ደስ እንዲልህ ብዬ። በሩን ሁለታችሁ የቀባችሁት ነውና ቀለሙን እንዳልቀየረው እንድታይለት ራሱ ነበር ላኪለት ያለኝ። እማዬ አጠገቡ ቆማ ስትመርቀው ነው ያነሳኋቸው። አንተ እማዬን ቆርጠህ አወጣሃትና እሱን ብቻ አስቀረህ። አቆራረጡ ግን አላማረልህም፤ ዲሪር ትከሻ ላይ እጅ ቀርታለች። ሺህ ሰው እየተቀባበለ ያየው ያ «ምስጥ» ትከሻው ላይ ያረፈችው የእናትህ እጅ ናት።

እኔና ካፊያ ወዲያው ከግሩፑ አጠፋነው። መልሰህ ለጠፍከው። ደግመን አጠፋነው። ያን ጊዜ ሁለታችንንም ከአድሚንነት አነሳኸን፤ ግሩፑን የከፈትከው አንተ ስለሆንክ ከአንተ በላይ የሚያዝ የለም። ከዚያ ለድርጅቱ ለራሱ ሪፖርት አደረግን። እኔ አደረግኩ፣ ካፊያ አደረገች፣ ዲሪር አደረገ፣ የፋርማሲያችን ሰዎች አደረጉ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። አማርኛው ድንጋይ የመሰለ ነው፤ «ይዘቱን ተመልክተናል። የማኅበረሰብ ደንባችንን የሚጥስ ሆኖ አላገኘነውም። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን» ይላል። ካፊያ አነበበችውና ከት ብላ ሳቀች። «አቦ ኑኃሚን፣ የእውነት ስለ ምስጥ መስሏቸዋል እኮ!» አለችኝ። ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ያን ቀን ደወልኩልህ፤ አነሳህ። ለምን ብዬ ስጠይቅህ ያልከኝን አልረሳውም። «እኔ የሰው ስም ጠራሁ? ብሔር ጠራሁ? ሃይማኖት ጠራሁ? ስለ ምስጥ ነው ያወራሁት። የገባው ይግባው» አልከኝ። ብልህ ነህ፣ ኒቆ። ድሮም ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበርክ። ዳኛው የማይሰማውን፣ ጎረምሳው ግን የሚሰማውን ቋንቋ መርጠህ ተናገርክ። የሱቁን ፎቶ እንድታወርደው ስለምንህ «ፖለቲካ አይገባሽም» ብለህ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ሰው በገጽህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ከየት እንደመጡ አናውቅም፤ የእኛ ሰፈር ልጆች አልነበሩም፤ ሱቁን እንኳ አያውቁትም ነበር። የጫማ ተራው ሰዎች ሲናገሩ ስልካቸውን ይዘው «ከጫማ ተራው ሦስተኛ፣ ሰማያዊ በር» እያሉ በሩን ይቆጥሩ ነበር አሉ። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ከዚያ ቤንዚን። ዲሪር ወጥቶ ነበር። ከዚያ የሰው ስልኮች፣ ሰው ሊያሠራ የሰጠው፣ በመሳቢያ ውስጥ መሆናቸው ትዝ አለውና ተመልሶ ገባ። «የሰው አደራ ነው» እያለ እንደ እብድ ይጮህ ነበር አሉኝ። መሳቢያው ብረት ነው፤ ግሎ ነበር። በሁለት እጁ ያዘው።

እጆቹን አይቻቸዋለሁ። ሐኪም ቤት ፋሻ ሲቀየርለት እኔ ነበርኩ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል፤ የግራው ይታጠፋል፣ ግን አይጨብጥም። ያቺን ፀጉር የምታህል ብሎን በጥፍሩ ያነሳ የነበረው ዲሪር፣ ዛሬ ብርጭቆ በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ነው የሚጠጣው።

እማዬ ሐኪም ቤት በየቀኑ ሄደች። ማንም ሂጂ አላላትም፤ ማንም አትምጪም አላላት። ሹርባ ሠርታ ትሄዳለች፣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። መጀመሪያ ፊቱን ያዞርባት ነበር። እሷ ማንኪያውን ይዛ ትጠብቃለች። ኋላ መብላት ጀመረ። እኔ አንድ ቀን ጎኑ ቁጭ ብዬ ስለ አንተ ይቅርታ ልለምነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤ «ኒቆ አላቃጠለኝም። ያቃጠሉኝ የማላውቃቸው ልጆች ናቸው። ኒቆ በሩን ብቻ ነው ያሳያቸው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። እሳት እሳትን ይጠራል። ያንተ ቢጤ በዚያ በኩልም አለ፤ ገጽ አለው፣ ተከታይ አለው፣ እሱም ከድሬ ርቆ ነው የሚኖረው። ነጭ ጋዎኔን ለብሼ ፋርማሲው በር ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አገኘና «የምስጥ አጫሹ እህት ይቺት። መድኃኒት የሚቀምምላችሁ እጅ ይሄ ነው፤ የምትውጡትን እወቁ» ብሎ ለጠፈው። ሪፖርት አደረግን። መልሱ ያው ሆነ፤ ደንብ አልጣሰም፣ እናመሰግናለን። በዚህስ ፍርዳቸው እኩል ነው፤ ለዲሪርም አልሰሙ፣ ለእኔም አልሰሙ። ለዓመታት የስኳር መድኃኒት የምሰጣቸው የመጋላ እናቶች እየዞሩ ሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። አንዷ፣ ኻድራ የምትባል፣ ሳል መድኃኒቱን ተቀብላኝ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ ስታገላብጥ ቆየችና «አይ፣ ይቅር» ብላ መለሰችልኝ። የፋርማሲው ባለቤትም «ነገሩ እስኪበርድ ቤት ቆዪ» አሉኝ። ቆየሁ።

ቤት በተቀመጥኩ ሰሞን ነው ጎረምሶች ድንጋይ ይዘው በራችን ላይ የመጡት። እኔና እማዬ ውስጥ ነን። የዲሪር እናት ሰምሰም ከውኃ ወረፋ እየተመለሰች ነበር፤ ቢጫ ጀሪካኗን በራችን ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ያለችውን በሶማሊኛ ነው የተናገረችው፤ ካፊያ ናት ኋላ ተርጉማ የነገረችኝ። «አንተ የሆዳን ልጅ አይደለህም? እናትህ አንተን ስታምጥ ሐኪም ቤት ያደረሳት የዚህ ቤት አባወራ ነው። ሂድና ድንጋይ የት ልወርውር ብለህ እሷን ጠይቃት። አንተስ? ያንተን አያት እኔ ነኝ የገነዝኳት፤ ታይሃለች፣ አታፍርም?» አንድ በአንድ በየእናታቸው ስም ጠራቻቸው። በስማቸው የተጠሩት ድንጋያቸውን ጥለው ሄዱ፤ ያልተጠሩት ተከተሏቸው።

እማዬ ወጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ሰምሰም ያዘቻትና አቃናቻት። «ዘነበች፣ ላንቺ ብዬ አይደለም። ልጆቹ የሰው ነፍስ ይዘው እንዳይኖሩ ብዬ ነው» አለቻት። ጀሪካኗን አንስታ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገብታ አታውቅም። መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፤ እግሯ ግን ደጃችንን አልረገጠም። ሎሚውን የምትለቅመው እሷ እንደነበረች ታውቃለህ።

በዚህ መሃል ካፊያ ሃኒ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋን አፈላልጋ አገኘች። ሃኒ የድሬ ልጅ ናት፤ በጎረቤት ሀገር ለእንዲህ ያለ ገጽ የሚሠራ ተቋራጭ ቢሮ ውስጥ ተቀጥራ፣ ሰው ሪፖርት ያደረገውን እያየች ይነሳ፣ ይቆይ ትል የነበረች ናት፤ አሁን ትታዋለች። ስልኩን ድምፁን ከፍተን አዳመጥናት። እኔ ልጮህባት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አስቀድማ «በወረፋዬ ደርሶኝ ቢሆን አነሳው ነበር ብዬ ልዋሻችሁ?» አለችን። «ስለ ነፍሳት የሚያወራ ሰው ነው ብዬ አልፈው ነበር። አንዱን ቪዲዮ ለማየት ሻይ የማማሰያ ያህል ጊዜ እንኳ አልነበረኝም። ከጎኔ የነበረው ልጅ አማርኛ አይችልም፤ ከኋላዬ የነበረችው ሶማሊኛ ብቻ ነው የምትችለው። የተቀላቀለው ነገር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ የደከመው ሰው ይሁን ብሎ ያልፈዋል። ካነሳሁት ‘ለወገኗ አደላች’ ይሉኛል፣ ካላነሳሁት እናንተ ትደውሉልኛላችሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው የታረደ ሰው ነበር። ሥጋ ቤት በር ላይ ማለፍ አልችልም አሁን።» ካፊያ «ሃኒ፣ ምሳ በልተሻል?» አለቻት። ቁጣዬ ቦታ አጥቶ እጄ ላይ ቀረ።

ሱቁ ከነደደ ከሳምንታት በኋላ ድርጅቱ ነቃ። ጋዜጠኞች ጽፈው ይሁን፣ ሌላ ሰው ጮኾ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ «ምስጥ» የሚለውን ቃል ሙጥጥ አድርገው ከለከሉት። ያኔ ያየሁትን ጉድ ልንገርህ። ቀፊራ ገበያ የፀረ-ምስጥ መድኃኒት የሚሸጠው ሰውዬ ገጹ ተዘጋበት። «የጣውላ ቤቴን ምስጥ ጨረሰው፣ ምን ይሻለኛል?» ያለች አሮጊት ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ካፊያ ደግሞ ከወንድሟ ሐኪም ቤት አልጋ ጎን ሆና «እኛ ምስጥ አይደለንም፣ ጎረቤቶቻችሁ ነን» ብላ ጽፋ ነበር። እሱን አነሱባት፤ ለአንድ ወርም እንዳትጽፍ አገዷት። ጥላቻ አሰራጭታለች ተባለች። አንተና ቢጤዎችህ ግን በማግስቱ «ነቀዝ» ማለት ጀመራችሁ። ማን ሊከለክላችሁ? እህል ያለበት ሀገር ሁሉ ነቀዝ አለ።

ያንተ ቪዲዮም ያኔ ተነሳ። ተነሳ ስልህ፣ ካንተ ገጽ ተነሳ። በሌላ ሰው ገጽ ሙዚቃ ተጨምሮበት አለ፤ በሌላው ተገልብጦ አለ፤ አንዱን ስናስነሳ ሁለት ይበቅላል። ባለፈው የአክስታችን ልጅ ስልክ ላይ አየሁት፤ ዲሪር እዚያ ላይ እስካሁን ይስቃል።

ግን ከሁሉም በላይ ያልዋጥኩት ሌላ ነው። በነሐሴ የተቃጠለ ሱቅ ፎቶ ለጥፈህ «ዛሬም የወገኖቻችን ሱቅ ነደደ፤ ዓለም ዝም አለ» ብለህ ጻፍክ። ሰው አለቀሰልህ፤ ሻማ የሚበራ ምስል ለጠፈልህ። ከፎቶው ጥግ የቀለጠ በር አለ፤ ያልነደደው ጠርዝ ሰማያዊ ነው። የዲሪር ሱቅ ነው፣ ኒቆ። አላወቅኩትም እንዳትለኝ፤ የሠራህበት ሱቅ ነው። አንድ ሱቅ በአንተ አፍ ሁለት ጊዜ ነደደ፤ መጀመሪያ የጠላት ተብሎ፣ ቀጥሎ የወገን ተብሎ። እሱንም ሪፖርት አደረግኩ። ደንብ አልጣሰም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የተቃጠለ ሱቅ ማሳየት ምን ደንብ ይጥሳል?

ካፊያ መስከረም ላይ ጅቡቲ፣ አክስቷ ኒሞ ዘንድ ሄደች። ባቡር ጣቢያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ከመሄዷ በፊት አንድ ላይ አዲስ ግሩፕ ከፍተን ነበር፤ ማንም የጻፈውን እኛ ሳናነብ የማይወጣበት። ከድሮው ጥቂት ሰው ብቻ ተከትሎን መጣ፤ የቀረው ጩኸቱ ካለበት መቅረት መረጠ። አሁን ብቻዬን ነኝ የማነበው። በሶማሊኛ የተጻፈ ሲመጣ እንደ ድንጋይ አየዋለሁ። ለካፊያ እንዳልልክላት «በቃኝ፣ ለኔ እንዳትልኪ» ብላኛለች፤ መብቷ ነው። ባለፈው አንዱን ሰላምታ መስሎኝ አሳለፍኩት፤ ስድብ ነበር፤ ሰው ተቀይሞ ወጣ። ሌላ ጊዜ የለቅሶ ማስታወቂያ ፈርቼ ያዝኩት፤ ሰዎቹ ቀብር አለፋቸው። ያኔ ነው ሃኒ የገባችኝ። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻ ሳይሆን ግድግዳ ተጋርቼም ጎረቤቴ የሚለውን አላነብም።

እማዬ ያልከውን እንዳትሰማ ብዙ ጊዜ ደብቄያት ነበር። ዝነኛ ሆንክ ብቻ ነበር የምታውቀው። ሰው ነገራትና «አሰሚኝ» አለችኝ። እምቢ ብላት ለሌላ ሰው ልትሰጥ ስልኬን አንስታ ወጣች፤ ሮጬ ደርሼ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችህ። ስታበቃ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «ድምፁ የልጄ ነው። ሲናደድ አባቱም እንዲህ ነበር የሚተነፍስ» አለች። ተነስታ ጨው ያልገባበት ምሳዋን በላች። ከዚያ ወዲህ ስላንተ ስናወራ ስምህን አትጠራም፤ «እሱ ልጅ» ትላለች።

ይህን ስጽፍ መጀመሪያ አስቤ የነበረው በገጽህ ወጥተህ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ «ዋሽቻለሁ፤ ቪዲዮው የሌላ ሀገር ነው፤ ሱቁ የጓደኛዬ ነው» ብለህ በራስህ አፍ እንድትናገር ልለምንህ ነበር። ድርጅቱ የማያነሳውን አንተ በአንድ ጣትህ ታነሳዋለህ ብዬ። የምጽፍልህን ለዲሪር ሳልነግረው ልልክ አልፈለግኩም፤ ሄጄ ነገርኩት። የመለሰልኝን መጨረሻ ላይ ጽፌልሃለሁ።

እንግዲህ ሰላምታ። የአክስታችን ልጆች ሁሉ ሰላም ይሉሃል፤ ግማሾቹ ገጽህን የሚወዱ ናቸው፣ ሰላምታቸውን እንደምትወስደው ውሰደው። ኃይለየሱስ ፊትህ ነው፤ እሱን ሳመው። ካፊያ ከጅቡቲ ሰላምታ አልላከችም፤ አልጠየቅኳትምም። ሰምሰምን መንገድ ላይ አግኝቼ ለኒቆ እየጻፍኩ ነው ስላት «ጤና ይስጠው» አለችና አለፈች፤ ቆማ አይደለም ያለችው። እማዬ፣ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ ይሰር በይው» አለች። እኔ እህትህ ነኝና እስምሃለሁ፤ ሲበርድህ አዝናለሁ፤ ገጽህን ስከፍት ግን የማን ወንድም እንደሆንክ አላውቅም።

ዲሪር ያለኝ ይኸው፤ ቃሉን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፦ «ሰላም በይው። ምንም እንዳይጽፍ ግን ንገሪው። ይቅርታም ቢሆን እንዳይጽፍ። የኔን ስም የሚጽፍ ሰው ሁሉ፣ በደግም ቢሆን፣ በሩን እያሳየ ነው።»

እህትህ ኑኃሚን ወልደጻድቅ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.